የግቢያችሁን ዘይቱን ያለ ትል ለመብላት፦ ሥራውን ከመሬቱ ጀምሩ

ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ዘይቱናችን ከላዩ ሲያዩት ያምራል፣ ሲከፍቱት ትል ነው። ምን መድኃኒት እንርጭበት?» እዚሁ ባሕር ዳር ከሽምብጥ ሰፈር ይጠይቁኛል፣ ከዘጌ ለገበያ የመጡ ዘመዶች ይጠይቁኛል። ጎረቤቴ እማማ «ልጄ፣ ዛፉን ላስቆርጠው ነው፤ ልጆቹ ትል ሲበሉ ማየት መረረኝ» ብለውኝ ነበር። ዛፉ አልተቆረጠም። ያኔ ለእሳቸው ያሳየኋቸውን ነው አሁን በዝርዝር የምጽፈው።

ዘይቱን ስል ጉዋቫውን ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ግቢ ያለው ሰው አንድ እግር አያጣም። ቅጠሉን በጣት ሲያሹት የሚሸተው፣ ፍሬው ሲበስል ቤቱን ሁሉ የሚያውደው ዛፍ ነው።

አጭሩ መልስ ይኸው፦ ትሉ ፍሬው ውስጥ ከገባ በኋላ የሚረጭ ነገር አይደርስበትም። መፍትሔው ያለው ከዛፉ ሥር፣ መሬት ላይ ወድቆ በሚበሰብሰው ፍሬ ላይ ነው።

መጀመሪያ ይህን እወቁ

ትሉ ከፍሬው ራሱ አይፈጠርም። የፍራፍሬ ዝንብ ትጥለዋለች። ይህች ዝንብ ሙዝ ላይ የሚያንዣብቡት ጥቃቅን ትንኞች አይደለችም። የቤት ዝንብ ታክላለች፣ ቢጫ የተቀላቀለበት ቡናማ ናት፣ ወገቧ ቀጠን ብሎ ትንሽ ተርብ ትመስላለች።

ሴቷ ሹል በሆነው ጭራዋ የፍሬውን ቆዳ ወግታ ከሥሩ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ትሉ ሥጋውን እየበላ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል። ፍሬው ይላላል፣ ይወድቃል። ትሉ ሲጠግብ ከፍሬው ወጥቶ አፈር ውስጥ ይገባል። ብዙ ጥልቅ አይሄድም፤ ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ። እዚያ የሩዝ ፍሬ የምታክል ቡናማ ቅርፊት ውስጥ ይተኛል። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። በብርድ ወራት ትንሽ ይዘገያል።

እንግዲህ ቁጠሩት። ዛሬ ወድቆ የተዋችሁት ፍሬ ከወር ባነሰ ጊዜ ዝንብ ይሆናል። አንዲት ሴት ደግሞ በዕድሜዋ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ ሥራ ይህን ዑደት አንድ ቦታ ላይ ለመቁረጥ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ወፍራም ጥቁር ፌስታል ወይም ቀዳዳ የሌለው የላስቲክ ከረጢት
- አሮጌ ጋዜጣ፣ ለክረምት ደግሞ ያረጀ ነጠላ ወይም ሻሽ
- ሲባጎ፣ መርፌና ክር ወይም ስቴፕለር
- የመግረዣ መቀስ እና ትንሽ የእጅ መጋዝ
- መኮትኮቻ
- ሁለት ወይም ሦስት ባዶ ሃይላንድ
- የዳቦ እርሾ፣ ስኳር፣ ፈሳሽ ሳሙና
- ጠንካራ መሰላል (ዛፉ አንዴ ካጠረ በኋላ አያስፈልግም)

አብዛኛው ቤት ውስጥ የሚገኝ ነው። የሚገዛ ካለ መቀሱ ነው። እሱ ላይ አትሰስቱ፤ ደነዝ መቀስ ቅርንጫፉን ይጨፈልቀዋል እንጂ አይቆርጠውም።

1. የወደቀውን በየቀኑ ልቀሙ

ጠዋት ጠዋት ከዛፉ ሥር ያለውን ፍሬ ሁሉ ሰብስቡ። ትንሹን፣ ጥሬውን፣ ወፍ የነካካውን፣ ግማሹ የተበላውን፣ ሁሉንም። በየቀኑ ካልተመቻችሁ ቢበዛ በሁለት ቀን አንዴ ይሁን። በሳምንት አንዴ ካላችሁ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው። ብዙውን ጊዜ ፍሬው ሲወድቅ ትሉ ሊወጣ ተዘጋጅቶ ነው። ሳምንት ሲቆይ አፈር ውስጥ ገብቷል፤ እናንተ የምትለቅሙት ባዶ ቆዳ ነው።

ዛፉ ላይ ያለውንም ተመልከቱ። የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ጠቆር ያለ ነጥብ፣ ዙሪያው ሰርጎድ ያለ ወይም ሲጫኑት የሚለሰልስ ቦታ ያለበት ፍሬ ተወግቷል ማለት ነው። ቆርጣችሁ ከወደቀው ጋር ጨምሩት። «ይብሰልና አየዋለሁ» ማለት ትሉን መቀለብ ነው።

ይህን ሥራ ለልጆች መስጠት ይቻላል። እኛ ቤት ልጆቹ ባልዲ ይዘው ይወጣሉ፣ ስንት እንደለቀሙ ይቆጥራሉ። ቁጥሩ በየሳምንቱ ሲቀንስ ማየት ለእነሱም ለእኔም ደስታ ነው።

2. የለቀማችሁትን ግደሉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለቅሞ ግቢው ጥግ ይቆልለዋል፣ ወይም ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ይጥለዋል። ትሉ እዚያም ሆኖ ያድጋል። የዝንቡን ቦታ ቀየራችሁ እንጂ ዝንቡን አልቀነሳችሁም።

ሦስት መንገድ አለ። አንዱን ምረጡ።

ሀ) ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከታችሁ አፉን አጥብቃችሁ እሰሩ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ቦታ፣ ቆርቆሮ ላይ ወይም ሲሚንቶ ላይ አስቀምጡት። ጥቁሩ ሙቀት ይስባል፣ ውስጡ ይግላል፣ ትሉም እንቁላሉም ይሞታል። በበጋ አንድ ሳምንት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ለብስባሽ ይሆናል። ፌስታሉ ቀዳዳ ካለው ግን ትሉ ሾልኮ ይወጣል። ስለዚህ ሁለት ደርቡ።

ለ) በክረምት ፀሐይ አትታመንም። ያኔ ቅበሩት። ጉድጓዱ ፍሬው ከገባበት በኋላ ከላዩ ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር አፈር የሚይዝ ይሁን፣ አፈሩንም በእግር ጠቅጥቁት። 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ብትቀብሩት ዝንቡ አፈሩን ሰንጥቆ ይወጣል። እንደ ዘር ዘራችሁት ማለት ነው። ለሐይቁ ቀረብ ያለ ግቢ ያላችሁ ደግሞ ክረምት ላይ ጉድጓድ ቶሎ ውኃ ያፈልቃልና ከፍ ያለውን ቦታ ምረጡ።

ሐ) በግ ወይም ፍየል ካላችሁ እንደለቀማችሁ ወዲያው አብሏቸው። አሳድራችሁ አይሁን። ዛፉ ኬሚካል የተረጨ ከሆነ ይህ መንገድ አይሆንም።

ማስጠንቀቂያ፦ ትኩሱን ፍሬ በቀጥታ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ አትጨምሩ። የቤት ብስባሽ ጠርዙ ላይ አይግልም፤ ትሉ ወደ ጠርዙ ይሸሻል።

3. ከዛፉ ሥር ያለውን አፈር ጫር ጫር አድርጉ

አፈር ውስጥ ቀድሞ የገባው ምን ይሁን? በየሁለት ሳምንቱ ከዛፉ ጥላ ሥር ያለውን አፈር በመኮትኮቻ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ገልብጡት። የተኙት ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ፀሐይ ያደርቃቸዋል፣ ወፍና ጉንዳን ይበላቸዋል። ዶሮ ካላችሁማ ሥራው አለቀ። ጠዋት ልቀቋቸው፣ እነሱ ከእናንተ የተሻለ ይጭራሉ።

ከዚያ በላይ አትቆፍሩ። የዘይቱን መጋቢ ሥሮች ከላይኛው አፈር ውስጥ ናቸው። በዶማ የቆፈረ ሰው ዝንቡን ሲፈልግ ዛፉን ያቆስላል።

4. ዛፉን አሳጥሩ

በብዙ ግቢ ያለው ዘይቱን ጣሪያ አልፎ ሄዷል። ጫፉ ላይ ያለውን ፍሬ ማንም አይደርስበትም። እዚያው በስብሶ ይወድቃል፣ ዝንቡም እዚያው ይራባል። የማይደረስበት ፍሬ የእናንተ አይደለም፣ የዝንቡ ነው።

ዋናው ምርት ሲያልቅ ግረዙት። መጨረሻ ላይ ቁመቱ ሁለት ሜትር ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ቢሆን ይበቃል፤ ቆማችሁ እጃችሁን ዘርግታችሁ የምትደርሱበት ማለት ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው፦

በመጀመሪያ የደረቀውንና የታመመውን አውጡ። ቀጥሎ ከሥሩ የሚወጡትን ቡቃያዎች በሙሉ ከመሬት ጋር አስተካክላችሁ ቁረጡ፤ ምግቡን ይሻሙታል። ከዚያ እርስ በርስ የሚፋተጉትንና ወደ መሃል የሚያድጉትን አንሱ። ዛፉ መሃሉ ብርሃን የሚያስገባ ይሁን። በመጨረሻ ረጃጅሞቹን ወደ ውጭ ከሚያይ ቅርንጫፍ በላይ ቁረጡ።

ቁመቱ በጣም የሄደ ከሆነ በአንድ ጊዜ አትጨርሱት። በአንድ ዓመት ከቅጠሉ ሲሶ በላይ አትውሰዱ። ለረጅም ጊዜ ጥላ ውስጥ የኖረ ግንድ ድንገት ፀሐይ ሲያገኘው ልጡ ይቃጠላል። የእማማ ዛፍ ለማጠር ሁለት ዓመት ፈጅቷል።

«ቆርጬው ፍሬ ቢከለክለኝስ?» የሚል ስጋት አለ። ዘይቱን አበባ የሚያወጣው አዲስ ባቆጠቆጠ ቀንበጥ ላይ ነው። ስትገርዙት አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፣ ቀንበጡ አበባ ይዞ ይመጣል። ያልተገረዘ ዛፍ ነው ፍሬውን ወደ ጫፍ እየገፋ የሚሄደው።

የተቆረጠውን ቅጠል ሁሉ አትጣሉት። ኬሚካል ያልነካው ከሆነ ለጋውን ለዩና አጥባችሁ ጥላ ቦታ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጨርቅ ላይ አስጡት። ፀሐይ ላይ አይሁን፤ ሽታው የሚመጣው ቅጠሉ ውስጥ ካለው ዘይት ነው፣ ፀሐይ ደግሞ ያተነዋል። ሲታሽ ፍርክስክስ ካለ ደርቋል። ለሻይ የሚያፈሉት ብዙ ናቸው። የታዘዘላችሁ መድኃኒት ካለ ግን በእሱ ምትክ አይሆንም።

5. ፍሬውን አሳሱ

ፍሬው የጣት ጫፍ ሲያክል በአንድ ቀንበጥ ላይ አንድ ወይም ሁለት ብቻ አስቀሩ። ሌላውን ቀንጥሱ። ያሳዝናል፣ አውቃለሁ። ግን የቀረው ይተልቃል፣ ለመሸፈንም ቁጥሩ ይመጠናል። ሁለት ፍሬዎች ተጣብቀው ካደጉ ደግሞ መገናኛቸው ላይ እርጥበት ይቋጠራል፣ ከዚያ ይበሰብሳሉ።

6. ፍሬውን ሸፍኑ

ሥራው እዚህ ላይ ይበዛል። ዋስትና ያለውም እዚህ ነው፤ በጊዜው የተሸፈነ ፍሬ ላይ ዝንቧ እንቁላል የምትጥልበት መንገድ የለም።

*መቼ?* ፍሬው የሀበሻ ሎሚ ሲያክል፣ ገና ጥቁር አረንጓዴና ድንጋይ እንደሆነ። ከአበባ እስከ ብስለት ወደ አራት ወይም አምስት ወር ይፈጃል፤ የመሸፈኛው ጊዜ ከዚህ መሃል ላይ ይውላል። ቀለሙ ፈዘዝ ማለት ከጀመረ አርፍዳችኋል። በመጀመሪያው ዓመት እኔ የዘገየሁት በዚህ ነው። 40 ፍሬ ሸፈንኩ፤ ስከፍተው ትሉ ከውስጥ ነበር። ዝንቧ ከእኔ ቀድማለች።

*በምን?* በበጋ ጋዜጣ ይበቃል። ሁለት ገጽ ደርባችሁ 15 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ከረጢት እጠፉ፣ ጎኑንና ሥሩን በስቴፕለር ያዙት። በክረምት ግን የባሕር ዳር ዝናብ ጋዜጣን በአንድ ማታ ያፈርሰዋል። ያኔ ያረጀ ነጠላ ወይም ሻሽ ሰፍታችሁ ተጠቀሙ። ጨርቁ አየር ያስገባል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ታጥቦ ለሚቀጥለው ምርት ያገለግላል። ከአንድ ያረጀ ነጠላ ብዙ ከረጢት ይወጣል።

የተዘጋ ፌስታል አትጠቀሙ። ውስጡ ያልበዋል፣ ፍሬው ሻጋታ ይይዛል፣ ፀሐይ ሲመታውም ይቀቀላል።

የወባ አጎበርም አትቁረጡ። ባሕር ዳር ወባ አለ፤ አጎበሩ ለሰው ነው። ላዩም ላይ ፀረ ተባይ ኬሚካል አለበት፣ ከምግብ ጋር መነካካት የለበትም።

*እንዴት?* ከመሸፈናችሁ በፊት ፍሬውን አዙራችሁ እዩት። ቀዳዳ ካለው ቀንጥሱት። የደረቀ አበባ ጫፉ ላይ ካለ አራግፉለት፣ እዚያ ውስጥ ሌላ ተባይ ይደበቃል። ከዚያ ከረጢቱን አጥልቁና አፉን ከፍሬው አንገት በላይ፣ ቅርንጫፉን ጨምራችሁ በሲባጎ እሰሩ። አንገቱን ብቻ ካሰራችሁት የከረጢቱ ክብደትና የሐይቁ ነፋስ ተባብረው ፍሬውን ይቀነጥሱታል።

ከረጢቱ ሰፋ ይበል። ጨርቁ ፍሬው ላይ ከተለጠፈ ዝንቧ በጨርቁ ቀዳዳ በኩል ትወጋዋለች። በፍሬውና በጨርቁ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለበት። ፍሬው እንደሚተልቅ አስቡና ስፉት።

አንድ ሰው በአንድ ጠዋት መቶ ፍሬ መሸፈን ይችላል። ዛፉ ብዙ ከሆነ ሁሉንም መሸፈን ግዴታ አይደለም። ቤተሰቡ የሚበላውን ሸፍኑ፣ ያልተሸፈነውን በቁጥር 1 እና 2 መሠረት በጥንቃቄ ልቀሙ።

7. የሃይላንድ ወጥመድ ስቀሉ

ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ የዳቦ እርሾና ሁለት ማንኪያ ስኳር በጥብጡ። ለአንድ ቀን ይብላላ። ከዚያ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ። ሃይላንዱን ከላይኛው ሲሶው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ብሱት፤ ቀዳዳው እርሳስ የሚያሳልፍ ይሁን። ፈሳሹን ከቀዳዳው በታች እስኪደርስ ሙሉ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ ቅጠል መሃል ጥላ ውስጥ ስቀሉት።

እርሾው ለምን? ሴቷ ዝንብ እንቁላሏን ለማብሰል ፕሮቲን ትፈልጋለች። የእርሾው ሽታ ምግብ ያለ ይመስላታል። ሳሙናው ደግሞ የውኃውን ገጽ ያላላዋል፤ ያረፈችው ዝንብ ትሰምጣለች።

ማር አትጨምሩበት። ንቦች ይገቡበታል። ንብ ከሌለ ደግሞ የፍሬው ቁጥርም ይቀንሳል።

በየሳምንቱ ፈሳሹን ቀይሩ። ወጥመዱ ብቻውን ዛፉን አያድንም፤ ይህን በግልጽ ልናገር። ትልቁ ጥቅሙ መረጃ ነው። በሳምንት አንድ ሁለት ዝንብ ከያዘ ሰላም ነው። ድንገት ቁጥሩ ከጨመረ የሆነ ቦታ ያልተለቀመ ፍሬ አለ፤ ፈልጉት።

8. ቀደም ብላችሁ ልቀሙ

ዘይቱን ከዛፍ ከወረደም በኋላ ይበስላል። ስለዚህ ጥቁር አረንጓዴው ወደ ፈዛዛ ቢጫ ሲዞር፣ ገና ጠንካራ ሳለ አውርዱት። ቤት ውስጥ በጥቂት ቀናት ይለሰልሳል። ዛፍ ላይ እስኪሸት ከጠበቃችሁ ሽታው ዝንቡን፣ ወፉንና የሌሊት ወፉን ይጠራል። ከግንጩ ትንሽ ተርፎ በመቀስ ቁረጡት፤ ተጎትቶ የወረደ ፍሬ አንገቱ ይቀደድና በዚያ ይበላሻል።

የሚረጭ ነገርን በተመለከተ

ሰው ዘሎ የሚሄደው ወደዚህ ነው። ለአትክልት የተገዛ ኬሚካል ተርፎ ቤት አለና ይረጫል። አታድርጉት። ውስጥ ያለውን ትል አይነካም። ዘይቱን ደግሞ ከነቆዳው ነው የሚበላው፣ ልጆች ሳያጥቡ ከዛፉ ይቀጥፋሉ፣ ቅጠሉም ይፈላል። መርጨት የግድ ከሆነባችሁ ቀበሌያችሁ ያለውን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ፤ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለባችሁም ሳትጠይቁ አትመለሱ። የመርጫውን ዕቃ ሐይቁ ወይም ዓባይ ዳር ወስዶ ማጠብ ፈጽሞ አይገባም። ያ ውኃ ይጠጣል፣ ዓሣውም ይበላል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

«ሁሉን አድርጌ አሁንም ትል አለ» የሚለኝን ሰው ሦስት ነገር እጠይቀዋለሁ። ሲሸፍን ፍሬው ስንት ያክል ነበር? የለቀመውን የት ጣለው? ጎረቤቱስ?

ሦስተኛው ይረሳል። ዝንቧ አጥር አታውቅም፤ ርቃ ትበራለች። የጎረቤት ዘይቱን ሥር ፍሬ ከተከመረ የእናንተ ልፋት በግማሽ ይቀራል። ቡና ስትጠጡ አንሱት፣ ተነጋገሩ፣ ከተቻለ ልቀማውን በአንድ ቀን ጀምሩ። ማንጎና ብርቱካን ካለ እነሱም ሥር ይለቀም፤ ዝንቧ ከአንዱ ወደ ሌላው ትዘዋወራለች። በቀይ የቡና ፍሬ ውስጥ የሚራባ የፍራፍሬ ዝንብ ዓይነትም አለ። ስለዚህ ዘጌ አካባቢ ዘይቱን ከቡና ጋር ያላችሁ፣ ዛፉ ላይ የቀረውንና የወደቀውን ቀይ ቡና አትተዉት።

ሌላው ቶሎ ተስፋ መቁረጥ ነው። ዛሬ መልቀም ብትጀምሩ አፈር ውስጥ ቀድሞ የገባው ገና ለሳምንታት እየወጣ ዝንብ ይሆናል። የመጀመሪያው ወር ላይ ለውጥ ላታዩ ትችላላችሁ። በዚያ ወር የሚያድናችሁ ሽፋኑ ነው። ልቀማው የሚታየው ከሁለተኛው ወር በኋላ፣ ባልተሸፈነው ፍሬ ላይ ነው። ከዚያ ፍሬ በየሳምንቱ አምስቱን ሰንጥቃችሁ እዩ፣ ስንቱ ትል እንዳለበትም ጽፋችሁ ያዙ። ትል የተገኘበትን ደግሞ ሰንጥቃችሁ እንዳትጥሉት፤ ወዲያው ወደ ጥቁሩ ፌስታል።